ሳሩ ስንት ላሞችን ይሸከማል? የግጦሽ መስክ ስሌት ከኒውዚላንድ

ኒውዚላንድ በዓለም ገበያ ቀዳሚ ከሆኑት የወተት ተዋጽኦ ላኪ አገሮች አንዷ ናት። ላሞቿ አብዛኛውን መኖ የሚያገኙት መስክ ላይ ካለው ሳር ነው። በመሆኑም የእርሻው ትርፍና ኪሳራ በእጅጉ የተመሠረተው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ አንድ ሄክታር መሬት ስንት ላሞችን ይመግባል?

በሃሚልተን ከተማ የሚገኘው የሩዋኩራ ምርምር ጣቢያ ይህን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሙከራ ፈትሾታል። በማክሚካን የተመሩት ተመራማሪዎች መስኩን ከፋፍሎ በዙር ማስጋጥን፣ ላሞችን በአንድ መስክ ላይ ከመተው ጋር አነጻጸሩ። ዙሩ ጥቅም እንዳለው ታየ፤ ከሄክታር በሚገኘው ወተት ላይ ከሁሉ የላቀ ተጽዕኖ ያሳደረው ግን የላሞቹ ብዛት ነበር። ቁጥሩ ሲጨምር የእያንዳንዷ ላም ወተት ይቀንሳል፤ ከሄክታሩ የሚታለበው ግን እስከ አንድ ወሰን ድረስ ያድጋል። ከወሰኑ ሲታለፍ ሁለቱም ይወድቃሉ።

የሦስት ቅጠል ሕግ

ወሰኑን የሚያበጀው የሳሩ ተፈጥሮ ነው። በአገሪቱ በስፋት የሚበቅለው ራይ ግራስ በእያንዳንዱ ቀንበጥ ላይ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሦስት ያህል ለምለም ቅጠሎችን ነው። አራተኛው ሲወጣ የመጀመሪያው ይደርቃል። ሳሩ ከተጋጠ በኋላ አዲሱን ቅጠል የሚያወጣው በግንዱ ሥር ባጠራቀመው ስኳር ነው። ሁለተኛው ቅጠል ሳይወጣ ዳግም ከተጋጠ ስንቁ ተሟጦ ይዳከማል፤ ከሦስተኛው በኋላ ከዘገየ ደግሞ መኖው ሳይበላ ይበሰብሳል። ስለዚህ ገበሬው ላሞቹን የሚመልሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅጠል መካከል ሲሆን፣ የሚያወጣቸውም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳር ሲቀር ነው።

ብዛቱን ለመወሰን ስሌቱ ቀላል ነው። ላሞች ከአንድ ሄክታር በዓመት 13 ቶን ደረቅ መኖ ቢግጡና አንዲት ላም 5 ቶን ብትፈልግ፣ መሬቱ የሚችለው 2.6 ላሞችን ነው። ሦስተኛዋ ላም ከተጨመረች የጎደለው በግዢ መኖ መሞላት አለበት። ካልተሞላ ዙሩ ያጥራል፤ ሳሩ ሳያገግም ይጋጣል፤ በቀጣዩ ዙር የሚገኘውም ያንሳል።

ዕዳው ከአጥሩ ውጪም ይሻገራል። የላም ሽንት ያረፈበት ቦታ ሳሩ ሊወስደው ከሚችለው በላይ ናይትሮጅን ይከማችበታል፤ ትርፉም በዝናብ ታጥቦ ወደ ከርሰ ምድር ውሃና ወደ ወንዞች ይሰርጋል። አገሪቱ ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግጦሽ መሬት ላይ የሚበተነውን ሰው ሠራሽ ናይትሮጅን በሄክታር በዓመት 190 ኪሎ ግራም ላይ ገድባለች።

ለኢትዮጵያ ምን ይነግራል?

የራይ ግራስ ቁጥሮች በቀጥታ ለኢትዮጵያ መስኮች አይሠሩም። በደጋው ሳር በክረምት ተትረፍርፎ በበጋ ይጠፋል፤ ለአዲስ አበባ ላሞች ከሱሉልታ የሚጫነው ድርቆሽ ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚታጨድ ነው። ላሞችን መቁጠር ያለበት የክረምቱ ልምላሜ ሳይሆን፣ እስከ በልግ የሚያደርስ መኖ መኖሩ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን የጋራ መስክ ነው። የኒውዚላንዱ ገበሬ አንዲት ላም ሲቀንስ የተረፈው ሳር የራሱ ነው። በጋራ መስክ ላይ ግን የቆጠበው ሳር የጎረቤቱ ከብት ቀለብ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ የከብት ቁጥርን መመጠን የሚቻለው መስኩን የሚጋሩት ሁሉ መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈትና ለስንት ከብት እንደሚፈቀድ ሲስማሙ ብቻ ነው።