የደም ምስክርነት

የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስቲክ ተሸፍኖ አይታችሁ ይሆናል። በሰውነታችንም ውስጥ ብዙ ነርቮች ማይሊን የተባለ የስብ ሽፋን አላቸው። ይህ ሽፋን ሲጎዳ የነርቩ መልእክት ይዘገያል፤ አለዚያም ጨርሶ ይቋረጣል።

ፀረ እንግዳ አካላት ከውጭ የሚገቡ ተሕዋስያንን የሚዋጉ የደም ፕሮቲኖች ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ግን ወዳጅን ከጠላት መለየት ይሳናቸውና የገዛ አካልን ያጠቃሉ። ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የተባለው በሽታ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው፤ የዓይንን ነርቭና ኅብለ ሰረሰርን እየጎዳ ለዕውርነትና ለሽባነት ይዳርጋል።

ይህ በሽታ መልቲፕል ስክለሮሲስ ከተባለው ሌላ የነርቭ በሽታ ጋር ለብዙ ዘመን ሲምታታ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካና የጃፓን ተመራማሪዎች በሕሙማኑ ደም ውስጥ ልዩ ፀረ እንግዳ አካል አገኙ። በ2005 ደግሞ ዒላማው አኳፖሪን 4 የተባለው ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ። ፕሮቲኑ ነርቮችን በሚደግፉ ሴሎች ላይ የሚገኝ የውሃ መተላለፊያ ነው፤ እነዚህ ሴሎች ሲጠፉ ማይሊኑም ይፈርሳል። በምርመራው ጊዜ የሕመምተኛው የደም ውሃ ይህን ፕሮቲን ከያዙ ሴሎች ጋር ይገናኛል፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ካለ ከሴሎቹ ጋር ይጣበቃል።

ታዲያ ሁለቱን በሽታዎች መለየት ለምን አስፈለገ? ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጠው ኢንተርፌሮን ቤታ ሌላውን በሽታ ሊያባብሰው ስለሚችል ነው። እንግዲህ ጥቂት ደም የሰውን ዓይን ሊያተርፍ ይችላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ደም ብቻውን ፈራጅ አይደለም፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ያልተገኘባቸው ሕሙማንም አሉ። ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም የደሙን ምስክርነት ከሕመምተኛው ቃልና ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ያመዛዝናል።