ከዕረፍቱ ወራት በኋላ የሚቀረው፦ ተማሪዎችን በክፍት ምንጭ ሥራ ላይ ስለ ማማከር



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። አንድ ተማሪ በአንድ የዕረፍት ወቅት፣ እርሱ ባልጀመረውና ብቻውን በማይጨርሰው ሰፊ ሥራ ውስጥ እንዴት እውነተኛ ድርሻ ሊኖረው ይችላል? ጥያቄውን በጥቅሉ ከማየት ይልቅ አንድ የታወቀ ምሳሌ ይዤ መመርመርን መርጫለሁ። ምሳሌው ፒጅን የተባለው የመልእክት መለዋወጫ ፕሮግራምና በጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ አማካይነት በእርሱ ላይ የሠሩት ተማሪዎች ልምድ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ፕሮግራሙ ጥቂት ልበል። ፒጅን ራሱ የተማሪ ሥራ ነበር። በ1998 ማርክ ስፔንሰር በአሜሪካ በኦበርን ዩኒቨርሲቲ ይማር በነበረበት ወቅት፣ ኤአይኤም የተባለውን የኤኦኤል ኩባንያ የመልእክት አገልግሎት በሊኑክስ ላይ ለመጠቀም የሚያስችል ፕሮግራም ጻፈ፤ ስሙንም ጌይም አለው። ኮዱ በክፍት ፈቃድ ለሕዝብ ስለ ተለቀቀ ሌሎች ሰዎች እየጨመሩበት ሄዱ። ውሎ አድሮም ያሁን፣ ኤምኤስኤንን፣ አይሲኪውንና ጃበርን በአንድ መስኮት የሚያገናኝ ሆነ። በስሙ ምክንያት ከኤኦኤል ጋር የተነሣው የንግድ ምልክት ክርክር በ2007 በስምምነት ሲያበቃ ፕሮግራሙ ፒጅን ተባለ። የሥነ ልሳን ተማሪዎች እንደምታውቁት፣ ፒጅን የጋራ ቋንቋ የሌላቸው ሰዎች ለመግባባት ሲሉ የሚፈጥሩት ቅይጥ ቋንቋ ነው። ለእንዲህ ያለ ፕሮግራም ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘት ያስቸግራል።

ለዛሬው ጉዳያችን ከስሙ ይልቅ የውስጥ አወቃቀሩ ይበልጣል። ፕሮግራሙ በሦስት ንብርብር የተከፈለ ነው። በመሐል ሊብፐርፕል የተባለ ላይብረሪ አለ፤ የጓደኞችን ዝርዝር፣ ንግግሮችንና ግንኙነቶችን የሚያስተዳድረው እርሱ ነው። ከበታቹ ለእያንዳንዱ የመልእክት አገልግሎት አንድ አንድ ተሰኪ አለ፤ የየአገልግሎቱን ሰርቨር ቋንቋ የሚያውቀው ይህ ተሰኪ ብቻ ነው። ከበላይ ደግሞ ተጠቃሚው የሚያየው ገጽታ ይገኛል። ከዚህ የተነሣ ፒጅን በመስኮት፣ ፊንች በጽሑፍ ተርሚናል፣ አዲየም ደግሞ በማክ ኮምፒውተር ላይ አንዱን ላይብረሪ በጋራ ሊጠቀሙበት ችለዋል። ይህን አከፋፈል በልባችሁ ያዙት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መርሐ ግብሩ ልለፍ። ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድን የጀመረው በ2005 ነበር። የታቀደው ለ200 ተማሪዎች ቢሆንም ከ8,000 በላይ ማመልከቻ ስለ ቀረበ ከ400 በላይ ተማሪዎች ተቀባይነት አገኙ። በዚያን ጊዜ ገና ጌይም ይባል የነበረው ፕሮግራምም በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ከተቀበሉት መካከል ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚያዘጋጅ ስብስብ ሊሠሩ የሚችሉ ሐሳቦችን ዘርዝሮ ያወጣል፤ ተማሪው ከእነዚያ አንዱን መርጦ ወይም የራሱን አፍልቆ የሥራ ዕቅድ ያቀርባል፤ ስብስቡ ዕቅዶቹን አወዳድሮ ለተመረጠው ተማሪ አማካሪ ይመድባል። ተማሪው ግምገማ ሲያልፍ አበል የሚከፍለው ጉግል ነው፤ ሥራውን የሚመራውና የሚመዝነው ግን ስብስቡ ነው። ከ2022 ወዲህ መርሐ ግብሩ ተማሪ ላልሆኑ ጀማሪዎችም ክፍት ሆኗል። የፈረንጆቹ በጋ ከእኛ ክረምት ጋር ስለሚገጥም፣ ወቅቱ ለኢትዮጵያ ተማሪም የዕረፍት ጊዜ መሆኑን በዚሁ ላስታውስ።

እስካሁን ያልሁት የውጭ ገጽታው ነው። ዋናው ጥያቄ አንድ ተማሪ የጻፈው ኮድ ወቅቱ ሲያልቅ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሁለት ሥራዎችን ላነጻጽር።

የመጀመሪያው በ2007 የተሠራ ነው። አንድ ተማሪ ማይስፔስ ለተባለው ማኅበራዊ አገልግሎት የመልእክት ተሰኪ ጻፈ፤ ተሰኪውም በዚያው ዓመት በወጣ የፒጅን እትም ውስጥ ተካተተ። ለምን እንዲህ ፈጠነ? ምክንያቱ ቀደም ሲል በልባችሁ ያዙት ያልሁት አከፋፈል ነው። አዲስ ተሰኪ የሚጽፍ ሰው የገጽታውን ኮድ መንካት የለበትም፤ የሌሎቹን አገልግሎቶች ተሰኪዎችም ማወቅ አያስፈልገውም። ላይብረሪው የሚጠይቀውን ጥቂት ተግባር፣ ይኸውም መግባትን፣ መልእክት መላክንና መቀበልን፣ የጓደኛን ሁኔታ ማሳወቅን ካሟላ ይበቃዋል። ቢሳሳትም ስሕተቱ በራሱ ተሰኪ ውስጥ የመወሰኑ ዕድል ሰፊ ነው። አጥሩ ግልጽ የሆነ ማሳ ተሰጠው ማለት ነው።

ሁለተኛው በ2008 የተሠራ ነው። ሌላ ተማሪ በፕሮግራሙ ውስጥ የድምፅና የምስል ጥሪ የሚያስችል መሠረት ጣለ። ይህ ሥራ በአንድ አጥር የሚወሰን አልነበረም። ድምፅና ምስል ከካሜራና ከማይክሮፎን ተነሥቶ፣ በመሐሉ ላይብረሪ አልፎ፣ በፕሮቶኮሉ ተደራድሮ፣ ተጠቃሚው ፊት መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ሦስቱንም ንብርብሮች ይነካል። ይህ ሥራ ለተጠቃሚው የደረሰው በነሐሴ ወር 2009 በወጣው 2.6.0 እትም ነው፤ ከተማሪው የሥራ ወቅት በኋላ አንድ ዓመት ያህል ማለት ነው። በዚያው እትም የለውጥ መዝገብ ላይ የምወደው አንድ ሌላ መስመር አለ። በ2008 የፕሮግራሙን መልክ የሚለዋውጥ ሥራ የሠራን ሌላ ተማሪ ያመሰግንና፣ ጥቂት ጭማሪና ማጽዳት ያደረገውን የነባር አዘጋጅ ስም አብሮ ይጠቅሳል።

በእኔ እምነት ስለ ማማከር የተጻፈ ብዙ ገጽ የማይነግረንን ይህ አጭር መስመር ይነግረናል። ተማሪው ሥራውን ሠርቷል፤ ሥራው ግን ያለ ሌላ ሰው እጅ ለተጠቃሚው አልደረሰም። በሚሠራ ኮድና በሚካተት ኮድ መካከል ርቀት አለ። የሚሠራ ኮድ በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። የሚካተት ኮድ ግን በማያውቃቸው ሰዎች ኮምፒውተሮች ላይ መሥራት፣ የስብስቡን የአጻጻፍ ሥርዓት መጠበቅ፣ መረቡ ሲቋረጥ አለመውደቅ፣ ጸሐፊው በሌለበት ለሚያነበው ሰው መገለጽ አለበት። የማማከር ጥበብ ተማሪውን ይህን ርቀት ማሻገር ነው።

ታዲያ አማካሪው ምን ያደርጋል? ከዚህ ልምድ ሦስት ነገሮችን እወስዳለሁ።

አንደኛ፣ ሥራውን ይቆርሳል። የጀማሪ ዕቅድ ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው፤ ተማሪው ተቀባይነት ለማግኘት ሲል ብዙ ተስፋ ይሰጣል። ጥሩ አማካሪ ዕቅዱን የሚያጠበው የተማሪውን ችሎታ ንቆ አይደለም። ወቅቱ ሲያልቅ በእጅ የሚዳሰስ አንድ የተሟላ ነገር እንዲኖር ሽቶ ነው። ግማሽ ድልድይ ማንንም አያሻግርም፤ ጠባብ ሆኖ የተጠናቀቀ ግን ያሻግራል።

ሁለተኛ፣ ሥራው ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ በአደባባይ እንዲቀርብ ያደርጋል። ሦስት ወር ሙሉ ለብቻው ሠርቶ በመጨረሻው ቀን አሥር ሺህ መስመር ኮድ የሚያስረክብ ተማሪ፣ ማንም አንብቦ ሊጨርሰው የማይችለውን ሸክም ነው የሚያስረክበው። በየጊዜው በትንሽ በትንሹ የሚቀርብ ኮድ ግን ይነበባል፣ ይተቻል፣ ይታረማል፤ ዋናው ኮድ ሲለወጥም አብሮ ይለወጣል። እዚህ ላይ ትልቁ እንቅፋት ቴክኒካዊ አይደለም፤ ኀፍረት ነው። ያላለቀ ሥራን ለማያውቁት ሰው ማሳየት ለማንም ይከብዳል። መምህሩን አክብሮ ዝም ማለትን የለመደ ተማሪ ደግሞ «ይህ አልገባኝም» ብሎ በአደባባይ ለመጻፍ ይበልጥ ይቸገራል። አማካሪው ይህን ኀፍረት የሚሰብረው በምክር ብቻ አይደለም፤ የራሱን ኮድም በዚያው አደባባይ አቅርቦ ሲተች በማሳየት ነው።

ሦስተኛ፣ አይሆንም ይላል፤ ሲልም ምክንያቱን ይገልጻል። አንድ ሐሳብ ለምን እንደማይካተት የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ፣ ተማሪው የስብስቡን አስተሳሰብ እንዲማር ከማንኛውም መመሪያ ይልቅ ይረዳዋል። ምክንያት የሌለው እምቢታ ግን በሩን ይዘጋል።

ልምድ ያለው አዘጋጅ ለጀማሪ ከማስረዳት ይልቅ ራሱ ቢጽፈው ብዙ ጊዜ ይፈጥንለታል። ጊዜውን የሚሰጠው ስለ ምንድን ነው? የዛሬ ንግግሬ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ኮድ ያረጃል። ማይስፔስ የመልእክት አገልግሎቱን ከተወ በኋላ ያ ፈጥኖ የተካተተ ተሰኪ ከፕሮግራሙ ወጣ። ፒጅን የተጸነሰበት ኤአይኤም ራሱ በታኅሣሥ ወር 2017 ተዘጋ። ሥራው ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእነዚያ ወራት ድካም የሚቀር ጥቂት ነው። የሚቀረው ሰው ነው፤ የሌላውን ሰው ኮድ አንብቦ መረዳትን፣ ትችትን ያለ ቁጣ መቀበልን፣ ለማያውቀው ተጠቃሚ ኃላፊነት መውሰድን የተማረ ሰው። እንዲህ ያለው ሰው በስብስቡ ውስጥ ቆይቶ ነገ የሌላ ጀማሪ አማካሪ ከሆነ፣ የዛሬው አማካሪ ጊዜ ተመለሰ ማለት ነው። ሌላ ቦታ ቢሄድም ትምህርቱን ይዞ ይሄዳል።

ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራዎችን አማክራለሁ፣ እፈትናለሁም። ብዙዎቹ በጥሩ ችሎታ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን የአብዛኞቹ ዕድሜ የሚያበቃው በመከላከያው ቀን ነው፤ ውጤት ከተሰጠ በኋላ ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ኮዱም ከተማሪው ላፕቶፕ ጋር ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቡድን ያንኑ ሥርዓት ከባዶ ይጀምራል። ተማሪዎቻችን መጀመርን አራት ዓመት ይማራሉ፤ የተጀመረን መቀጠል ግን አይማሩም። በሥራው ዓለም የሚጠብቃቸው ደግሞ በአመዛኙ ሌሎች የጀመሩት ሥራ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍሎቻችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከመመረቂያ ሥራዎች የተወሰኑት ሕያው በሆነ የክፍት ምንጭ ሥራ ላይ እንዲሆኑ እንፍቀድ። ስንመዝናቸውም የኮዱን ብዛት አንቁጠር፤ ተማሪው ሥራውን ስንት ጊዜ ለግምገማ እንዳቀረበ፣ ትችቱን እንዴት እንደ መለሰ፣ ምን ያህሉ ከዋናው ኮድ ጋር እንደ ተዋሐደ እንይ። ማረጋገጫው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ ፈታኙም ተማሪውም የሚከራከሩበት ነገር ያነሰ ይሆናል።

ለተማሪዎችም፦ በር ለማንኳኳት የዕረፍቱን ወራት ወይም የማንንም አበል መጠበቅ የለባችሁም። ከፒጅን የትርጉም ፋይሎች መካከል አማርኛም አለ። እንዲህ ያለ ትርጉም የሚሠራበትን መንገድ ልብ በሉ፤ በፕሮግራሙ ላይ አዲስ ዓረፍተ ነገር በተጨመረ ቁጥር፣ አንድ ሰው ካልተረጎመው በቀር በእንግሊዝኛ ይታያል። አንድ ጊዜ ተሠርቶ የተተወ ትርጉም በየእትሙ ጥቂት በጥቂት ይሸረሸራል ማለት ነው። ቋንቋችን በእንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ውስጥ የሚኖረው አንድ ሰው ስለ ጀመረው ብቻ አይደለም፤ ሌላው ተረክቦ ስለ ቀጠለው ነው። አንድ የጎደለ ዓረፍተ ነገር ተርጉሞ መላክ፣ አንድ ስሕተት በግልጽ ጽፎ ማሳወቅ፣ አንድ ያልተሟላ ማብራሪያ ማሟላት የመጀመሪያ እርምጃ ለመሆን ይበቃል። ማመልከቻችሁ በሚመረመርበት ቀን ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክርላችሁም አስቀድሞ የተላከው ይህ ትንሽ ሥራ ነው።