«ካም ቀይር» ሲሉዎት አይቸኩሉ!

ጎማው አማረ፤ መኪናው ግን ዳገት ላይ ማቃሰት ጀመረ። ምን ይሻላል? መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ጎራ ብለው ቢጠይቁ መልሱ እንደ ጠያቂው ሳይሆን እንደ ተጠያቂው ነው። አንዱ «ፓምፑን አስተካክል» ይላል፤ ሌላው «ፍሪሲዮንህ አልቋል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካም ቀይርለት፣ ሌላ መኪና ይሆንልሃል!» ይላል። እርስዎም ኪስዎን ዳበስ ያደርጋሉ። ቆይ ግን! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ብሩን ከመቁጠርዎ በፊት ይቺን ያንብቡ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት በመከልከሉ፣ ያለውን ሞተር ተንከባክቦ መያዝ የግድ ሆኗል። የተበላሸን ሞተር በሌላ መተካት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

ለመሆኑ ካም ምንድን ነው?

ካምሻፍት እንቁላል መሰል ጉብታዎች ያሉት ዘንግ ነው። ክራንክሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር እሱ አንዴ ይዞራል። ጉብታው ቫልቩን ገፍቶ ይከፍታል፤ ሲያልፍ ሞላው ይዘጋዋል። አየር የሚገባው፣ ጭስ የሚወጣው በዚህ ሥርዓት ነው።

የካሞች ልዩነትም እዚሁ ላይ ነው። ቫልቩን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቆየው ካም ጉልበት የሚሰጠው በከፍተኛ ዙር ነው። ታች ላይ ይደክማል፤ መኪናው ቆሞም ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ቶሎ የሚዘጋው ግን ላይ ባይሮጥም ታች፣ በዝቅተኛ ዙር፣ በደንብ ይጎትታል። የመጀመሪያው ለእሽቅድምድም ነው፤ ሁለተኛው ለጭቃና ለድንጋይ። በስም ብቻ «ስፖርት ነው» ተብሎ የተሸጠልዎት ካም ገጠር ሲወርዱ ጉድ ይሠራዎታል።

ጎማው የሰረቀው ማርሽ

ነገሩን በቁጥር እንየው። ዲፈረንሻሉ 4.10 በሆነ ፎርዊል ላይ ባለ 31 ኢንች ጎማ ነበር እንበል። አሁን 35 ኢንች ገጠሙለት። የድሮውን ጎማ ለአዲሱ ያካፍሉና በ4.10 ያባዙት፤ 3.63 ገደማ ይመጣል። ማለትም ማንም ሳይነካው ማርሽዎ ቀለለ! ካምቢዮው አንድ ለአንድ በሚሆንበት ማርሽ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ፣ ሞተሩ በፊት 2,200 ዙር ገደማ ነበር፤ አሁን ወደ 1,950 ወርዷል። እንግዲህ በዚህ ላይ ከፍተኛ ዙር የሚወድ ካም ቢጨምሩበትስ? ጎማው ዙሩን ወደ ታች፣ ካሙ ጉልበቱን ወደ ላይ... መኪናው መሀል ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

የአዲስ አበባን ከፍታም አይርሱት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚያገኘው አየር ባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው በአምስት አንድ እጅ ያህል ያነሰ ነው። ታች የሚጎትት ካም የሚመከረው ለዚህም ጭምር ነው።

ነገሩ የጉልበት ብቻ አይደለም፤ የነፍስም ነው። ትልቅ ጎማ ሲገባ የፍጥነት መለኪያው 80 ሲል እውነቱ 90 ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወርዱት። ማርሹ ስለቀለለ ሞተሩ መኪናውን እንደ ድሮው አይዝም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ነው። ፍሬኑ ሲግል ምን እንደሚመጣ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ደግሞ የትኛውም ካም አያስተካክለውም!

ታዲያ ምን ይደረግ?

1ኛ፦ መጀመሪያ ጎማውን ይወስኑ። ለሥራው በእርግጥ ትልቅ ያስፈልጋል ወይስ ለዓይን ነው?

2ኛ፦ ዲፈረንሻሉን ያስተካክሉ። በምሳሌያችን የድሮውን ማርሽ ለመመለስ 4.63 አካባቢ ያስፈልጋል። የፊቱና የኋላው እኩል መሆን አለባቸው፤ አለበለዚያ ፎርዊል ሲያስገቡ ጥርሱን ይሰብሩታል።

3ኛ፦ አብዛኛውን ጊዜ በስንት ዙር እንደሚነዱ ይወቁ። ካም የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጉልበቱ ከዚያ ዙር በታች የሚጀምር ይሁን።

4ኛ፦ መኪናዎ ናፍጣ ከሆነ፣ እንደ 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር፣ ካሙን አይነካኩት። የናፍጣ ሞተር ቫልቭና ፒስቶን በጣም የተቀራረቡ ናቸው፤ ከፍ የሚያደርግ ካም ቢገባ ሊጋጩ ይችላሉ። የካም ነገር ይበልጥ የሚመለከተው እንደ 2ኤፍ ያሉ የቤንዚን ሞተሮችን ነው።

5ኛ፦ ያገለገለ ካም ከሆነ ካሊፐር ይዘው ይሂዱ። ጉብታዎቹን አንድ በአንድ ይለኩ፤ የአየር ማስገቢያዎቹ እርስ በርስ፣ የጭሱም እርስ በርስ እኩል መሆን አለባቸው። የተፋቀ ካለ ይመልሱት፣ «ምንም አይል» ቢባሉም አይስሙ። በ2ኤፍ ዓይነቶቹ ላይ አዲስ ካም በአሮጌ ታፔት አይገጠምም፤ ይበላላሉ። ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሳም ወዲያው ወደ 2,000 ዙር አድርሰው 20 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ዘይቱ ጉብታዎቹን በደንብ ያርሳቸው።

መካኒክዎ «ካም ቀይር» ካለዎት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ «ጎማዬና ዲፈረንሻሌ ስንት ነው?» ሳያይ ከመለሰልዎት፣ አመስግነውት ወደሚቀጥለው ጋራዥ ይሂዱ።