ነጥብና መስመር ቦታ ሲለዋወጡ

ከቆቦ በዋጃ በኩል ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው የመንገዱ ሁለት ጠርዞች ሜዳው መጨረሻ ላይ ሲገጥሙ ያያል። ትምህርት ቤት የተማርነው ጂኦሜትሪ ትይዩ መስመሮች አይገናኙም ይላል። ፕሮጀክቲቭ ጂኦሜትሪ ግን ለዓይን ይፈርዳል፤ ትይዩዎቹ ወሰን የለሽ ርቀት ላይ ባለ አንድ ነጥብ ይገናኛሉ ብሎ ይደነግጋል። ይህን ከተቀበልን ሁለት ነጥቦች አንድ መስመር ይወስናሉ፤ ሁለት መስመሮችም፣ ትይዩ ሆኑም አልሆኑ፣ አንድ ነጥብ ይወስናሉ። «ነጥብ» እና «መስመር» ቦታ ከመለዋወጣቸው በቀር ሁለቱ አባባሎች አንድ ናቸው። የጂኦሜትሪ መንታነት የሚባለው ይህ ነው።

መሠረቱን ከጣሉት አንዱ የጦር ምርኮኛ ነበር። የሜዝ ተወላጁ መሐንዲስ ዣን ቪክቶር ፖንስሌ በ1812 እ.ኤ.አ. ከናፖሊዮን ጦር ጋር ሩሲያ ዘምቶ ተማረከ፤ ቮልጋ ዳር ባለችው ሳራቶቭ መጽሐፍ ሳይኖረው የተማረውን ከትዝታው እያወጣ አዲስ ጂኦሜትሪ ገነባ። መጽሐፉ በ1822 ታተመ። ነጥብን ከመስመር የሚያጣምርበት ዘዴ ቀላል ነው፦ ከክብ ውጭ ካለ ነጥብ ክቡን የሚነኩ ሁለት ታንጀንቶች ይሰመራሉ፤ የሚነኩባቸውን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር የዚያ ነጥብ አጣማጅ ይሆናል። መስመርም እንዲሁ አጣማጅ ነጥብ አለው።

የመንታነትን ጥቅም የሚያሳይ የቲዎረም ጥንድ አለ። በ1640 የ16 ዓመቱ ፓስካል ክብ ላይ ባሉ 6 ነጥቦች የተሠራ ስድስት ጎን ሲወሰድ፣ ትይዩ ካልሆኑ፣ የተቃራኒ ጎኖቹ 3 መገናኛዎች በአንድ መስመር ላይ እንደሚውሉ አወጀ። የሒሳብ ሊቁ ብሪያንሾን በ1806 ደግሞ በ6 ታንጀንቶች የተከበበ ክብ ላይ የስድስት ጎኑ 3 ዋና ዲያጎናሎች በአንድ ነጥብ እንደሚያልፉ አሳየ። በመካከላቸው 166 ዓመት አለ፤ መንታነትን ለሚያውቅ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው በነፃ ይገኛል።

በ1810 የሒሳብ መጽሔት የመሠረተው ጆሴፍ ጀርጎን በ1826 ይህን መንታነት በመጽሔቱ ገጽ አቀማመጥ ሳይቀር አሳየ፦ ገጹን በሁለት ዓምድ ከፍሎ በግራ አንዱን ቲዎረም፣ በቀኝ መንታውን አተመ። ለእሱ ክቡ አያስፈልግም፤ መለዋወጡ ራሱ ሕግ ነው። ፖንስሌ ሐሳቤን ወሰደብኝ ብሎ ተቆጣ፤ ጠቡም ከረረ። እኔ ስፈርድ በጥቅሉ ሐሳብ ጀርጎን ይረታል፣ በዝርዝሩ ፖንስሌ። ጀርጎን የአንድ ኩርባ መንታ ያንኑ ዲግሪ ይዞ ይቀራል ብሎ ነበርና፤ ፖንስሌ አይሆንም አለ።

ዲግሪ ማለት አንድ መስመር ኩርባውን ስንት ጊዜ እንደሚቆርጥ ነው። መንታው ውስጥ ይህ ቁጥር ከአንድ ነጥብ ተነስተው ኩርባውን የሚነኩ ታንጀንቶች ብዛት ይሆናል። ለክብ ሁለቱም 2 ናቸው። ለለስላሳ የ3 ዲግሪ ኩርባ ግን ታንጀንቶቹ 3 ሲባዛ በ2፣ ማለትም 6 ናቸው። ስለዚህ መንታው የ6 ዲግሪ ኩርባ ነው። በዚሁ ሕግ የመንታው መንታ 6 ሲባዛ በ5፣ 30 ሊሆን ነው። ግን የመንታ መንታ ራሱ የመጀመሪያው ኩርባ ነው፤ ዲግሪውም 3 መሆን አለበት። 27ቱ የት ገቡ?

መልሱን ያገኘው ጀርመናዊው ዩልዩስ ፕሉከር ነው፤ በ1830ዎቹ። ኩርባው የጥምዘዛ አቅጣጫውን የሚቀይርበት ነጥብ ሁሉ መንታው ላይ ሹል ጫፍ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሹል ደግሞ ከሒሳቡ 3 ይቀንሳል። የ3 ዲግሪው ኩርባ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ሲታከሉ እንዲህ ያሉ 9 ነጥቦች አሉት (ወረቀት ላይ የሚታዩት 3 ብቻ ናቸው)። 9 ጊዜ 3፣ 27 ነው፤ 30 ሲቀነስ 27፣ 3። ፕሉከር ለመስመርም እንደ ነጥብ ሁሉ ኮኦርዲኔት ሰጥቶ ነበርና መለዋወጡ ከእንግዲህ የእኩልታ ፊደላትን ቦታ መቀየር ብቻ ሆነ። የአልጀብራ ጂኦሜትሪ ከፖንስሌና ከጀርጎን ጠብ ይልቅ ለዚህ ስሌት ባለዕዳ ነው።

የሒሳብ መምህር ከሆኑ የፓስካልንና የብሪያንሾንን ሥዕል በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ጎን ለጎን ያሠሯቸው። ኮምፓስና ማስመሪያ ይበቃል።