ቀዩ ዘይት ሲከሰስ

አውቶማቲክ መኪና የገዛ ሰው ገና ቁልፉን ከመረከቡ የሚሰማው ምክር አለ፤ «የካምቢዮውን ዘይት እንዳታስነካ!» ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ መኪናው ደህና ይሄድ ነበር፣ ዘይቱ ተቀየረ፣ ሳምንት ሳይሞላው ማርሽ እየዘገየ መግባት፣ ዳገት ላይ መንሸራተት፣ ከአንድ ወደ ሁለት ሲያልፍ መደንገጥ ጀመረ። ከአዘዞ ተገንጥሎ በኮላ ድባ በኩል ወደ ጎርጎራ በሚወርደው መንገድ ቪትዙን የሚያመላልስ ሰው ይህን ከሰማ በኋላ ዘይቱን ሳይነካ ዓመታት ቢነዳ አይፈረድበትም። ክሱ ከባድ ነው፣ ምስክሩም ብዙ። ነገር ግን ማስረጃው አንድ በአንድ ሲመረመር ዘይቱ ባብዛኛው በሐሰት የተከሰሰ ሆኖ ይገኛል። ሊጠየቁ የሚገባቸው የዘይቱ ዓይነት፣ የተሞላበት ልክና ሥራው የተሠራበት ጊዜ ናቸው።

ኮላ ድባ የደምቢያ ከተማ ናት፤ ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከጣና በስተሰሜን በተንጣለለው የጤፍና የሽምብራ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። በመንገዷ የሚያልፈው አብዛኛው ሞተር፣ ባጃጁም እህል ጫኙ አይሱዙም ሚኒባሱም፣ ማርሹ በሰው እጅ የሚቀየር ነው። የጋራዡ እውቀትም የተገነባው በዚያው ላይ ነው። ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል፦ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ፊልትሮ፣ ጓርኒሲዮን። ጎንደር ፒያሳ ላይ ሕንፃ ትቶ የሄደው ጣሊያን ጋራዡን ደግሞ ቃላት አውርሶታል፤ ቃላቱ ግን የማኑዋል መኪና ቃላት ናቸው። አውቶማቲኩ ሲመጣ ስም ይዞ አልመጣም፣ ስለዚህ በድሮው ስም ተጠራ፣ በድሮውም ልማድ ታከመ። በማኑዋል ካምቢዮ ውስጥ ዘይት የብረት ጥርሶችን ያለሰልሳል፣ ያቀዘቅዛል፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ የለበትም። ትንሽ ቢጎድል ወይም ዓይነቱ ትንሽ ቢለይ ካምቢዮው ወራት ይታገሣል። አውቶማቲኩ ይህ ትዕግሥት የለውም።

ለምን እንደሌለው ለማየት ውስጡን ማወቅ ይበጃል። በአውቶማቲክ መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝ፣ በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለም። በምትኩ ኮንቨርተር የሚባል፣ በዘይት የተሞላ ክብ ድስት የሚመስል ነገር አለ። የውኃ ወፍጮ ያየ ሰው አሠራሩ አይከብደውም፦ ሞተሩ አንዱን ባለክንፍ መዘውር ያሽከረክራል፣ መዘውሩ ዘይቱን ይወረውራል፣ የተወረወረው ዘይት ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለውን ሌላ መዘውር መትቶ ያዞራል። ብረት ከብረት ሳይያያዝ ጉልበት በዘይት ተሻገረ ማለት ነው። ከኮንቨርተሩ ወዲያ ማርሽ የሚለዋውጡት የተነባበሩ ቀጫጭን ዲስኮች ናቸው፤ እነሱም የሚጨመቁት በዘይት ግፊት ነው። ግፊቱን ፖምፓው ይፈጥራል፤ እንደ ጉንዳን ጎዳና በተጥመዘመዙ ጠባብ ቦዮችና በኮምፒውተር በሚታዘዙ ትንንሽ ቫልቮች በኩል ለየዲስኩ ይከፋፈላል። እንግዲህ እዚህ ዘይቱ ጉልበት አሻጋሪ፣ ትእዛዝ አድራሽ፣ ማቀዝቀዣና ማለስለሻ ነው። ከማሽኑ ክፍሎች እንደ አንዱ ቢቆጠር ይሻላል።

አንድ አምስተኛ ሥራ አለው፤ ብዙው ጥፋት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ዲስኮቹ ሲያያዙ እጅግ ቢንሸራተቱ ይቃጠላሉ፣ እጅግ ቢጣበቁ መኪናው ይደነግጣል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ የሚወስነው በዘይቱ ውስጥ የተጨመረው ቅመም ነው። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን የመጀመሪያውን በብዛት የተመረተ አውቶማቲክ ካምቢዮ በ1939 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ ለረጅም ጊዜ ይህን ልክ ይጠብቅ ከነበረው ቅመም አንዱ ከዓሣ ነባሪ የሚወጣ ዘይት ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሜሪካ የዓሣ ነባሪ ምርት ስትከለክል ኬሚስቶቹ ምትክ ፍለጋ ገቡ። ከተሞከሩት ምትኮች አንዱ የማቀዝቀዣውን ብየዳ እየበላ ስላስቸገረ እንደገና ማሻሻል ግድ ሆነ። በዚያው ዘመን ፎርድ ለካምቢዮው የሚፈልገው ጠበቅ አድርጎ የሚያያዝ ዘይት ሲሆን ጄኔራል ሞተርስ የሚፈልገው ለስለስ ያለውን ነበር፤ ሁለቱም ዘይቶች ግን ቀይ ነበሩ። ቀይ ቀለም የሚገባው የፈሰሰው ከየት እንደሆነ እንዲለይ ነው፤ ከሞተር ዘይት እንዳይምታታ። ስለ ዓይነቱ ምንም አይናገርም።

ወደ እኛው ቪትዝ እንመለስ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ቪትዝ አውቶማቲክ ባለ4 ማርሽ ነበር። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ግን አብዛኛው ሲቪቲ ነው፤ ማርሽ የለውም፣ በሁለት ጠባብና ሰፊ በሚሆኑ መዘውሮች መካከል የሚሮጥ የብረት ቺንጋ አለው እንጂ። ከውጭ ሁለቱም መኪኖች «ቪትዝ አውቶማቲክ» ናቸው፣ መቀየሪያቸውም ያው ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ ነው። ዘይታቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ቶዮታ ለቀደሙት ባለማርሽ ካምቢዮዎች ቲ-ፎር፣ ኋላ ለመጡት ይበልጥ ቀጭን የሆነውን ደብልዩ ኤስ፣ ለሲቪቲዎቹ ደግሞ በፊት ቲሲ፣ ከዚያም ኤፍኢ የተባሉትን ያዛል። የሲቪቲ ዘይት ሥራው ብረት ብረትን እንዲይዝ ማድረግ ነው፤ የተለመደው ቀይ ዘይት እዚያ ቢገባ ቺንጋው ይንሸራተትና የመዘውሩን ገጽ ይቧጭራል። የተቧጨረ ገጽ ደግሞ ትክክለኛው ዘይት በማግሥቱ ቢሞላለትም አይመለስም። «ለሁሉም አውቶማቲክ» የሚል ጣሳ መደርደሪያ ላይ ሲታይ ይህን ማስታወስ ያሻል። ከሰርቪስ በኋላ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ መንቀጥቀጥ የመጀመሪያ ተጠርጣሪው ይኸው የዓይነት ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ልኩ ነው፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ ቀላሉና ከሁሉ የሚዘነጋው። ዘይት ሲሞቅ ያብጣል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛው የተለካ ልክ ሲሞቅ ልክ አይደለም። መለኪያ ዘንግ ባላቸው አብዛኞቹ ቶዮታዎች መለካት ያለበት ካምቢዮው ከሞቀ በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መቀየሪያው በየቦታው አንድ ጊዜ ተዳርሶ ወደ ፒ ከተመለሰ በኋላ ነው። የሞተር ዘይት ግን የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ነው፤ እጅ የለመደውን ይሠራልና የካምቢዮውም እንዲሁ ይለካል። አዳዲሶቹ ጭራሽ ዘንግ የላቸውም፦ ከኮፓው (ከካምቢዮው ታች ካለው የዘይት ሳህን) ሥር ያለው ብሎን ዘይቱ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሳለ ይከፈታል፣ ትርፉ እየተንጠባጠበ ይወጣል፣ ጠብታው ሲቀጥን ይዘጋል። መኪናው ታዲያ ለጥ ባለ ቦታ መቆም አለበት። (በዚህ በኩል ደምቢያ ከጎንደር ይሻላል፤ ሜዳ አይቸግረውም።) ዘይቱ ከልኩ ቢጎድል ፖምፓው አየር ይስባል፤ አየር እንደ ዘይት አይደለም፣ ሲጨመቅ ይሸሻል፣ ዲስኩ ጥርሱን ሳይነክስ ይቀራል፣ ማርሹ ዘግይቶ ይገባል። ቢበዛ ደግሞ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ይመቱትና አረፋ ይሆናል፤ አረፋም ያው አየር ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ስሕተቶች አንድ ዓይነት ምልክት የሚያሳዩት ለዚህ ነው። ኮፓው ተከፍቶ ፊልትሮ ሲቀየርም አሮጌው የላስቲክ ቀለበት ቦታው ላይ ከቀረ፣ ወይም አዲሱ ከተጣመመ፣ ፖምፓው በዚያ ስንጥቅ አየር ይጠጣል፤ ልኩ ትክክል ሆኖም ሕመሙ ይኸው ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ጥፋት ሳይሆን ጥፋት ይመስላል። የዘመኑ ካምቢዮ ኮምፒውተር እያንዳንዱ ዲስክ ለመያዝ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት እያየ ግፊቱን ያስተካክላል። ዘይቱ ካረጀ፣ ኮምፒውተሩ የተማረው ለአሮጌው ዘይት የሚሆነውን ግፊት ነው። አዲስ ዘይት ሲገባ ያው የተለመደው ግፊት ይመጣና መኪናው ይደነግጣል። ትምህርቱን በመመርመሪያ መሣሪያ ማጥፋት ወይም ጥቂት ቀን ተረጋግቶ መንዳት ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ድንጋጤው በየቀኑ እየቀነሰ ከሄደ ይህ ነው፤ እየባሰ ከሄደ ግን ወደ ዓይነቱና ወደ ልኩ መመለስ ነው።

«ይሁን፤ ግን መኪናው እኮ እስከዚያ ቀን ድረስ ይሄድ ነበር» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ጥያቄው ግን የካምቢዮ ዘይት የሚያስቀይረው ማን ነው የሚለው ነው። «አታስነካ» በተባለበት አገር ብዙ ሰው ጋራዥ የሚሄደው መንሸራተቱን ካየ፣ የተቃጠለ ነገር ከሸተተው በኋላ ነው። ሐኪም ቤት የገቡ ሰዎች ገበያ ከዋሉት ይልቅ በብዛት ይሞታሉ፤ ሐኪም ቤት ይገድላል ብሎ የሚደመድም ግን የለም። ታሞ የመጣ ካምቢዮ ዘይት ተቀይሮለት ሲሞት፣ ሞቱ ከዘይቱ ጋር የተገናኘው በቀን ብቻ ነው። መካኒኩን ወይም የራስን መዘግየት ከመጠየቅ ይልቅ ዘይቱን መጥላት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ይሁንና ከሳሾቹ የያዙት የእውነት ፍርፋሪ አለ። እጅግ ባረጀ ካምቢዮ ውስጥ ከዲስኮቹ የተፋቀው ብናኝ በዘይቱ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ያለቁት ዲስኮች በዚህ አሸዋማ ዘይት ታግዘው ይይዙ ነበር፣ ንጹሑ ዘይት ሲመጣ ሸርተት አሉ የሚለው ማብራሪያ በመካኒኮች ዘንድ አሁንም ያከራክራል። እውነት ቢሆን እንኳ የሚያረጋግጠው ካምቢዮው ቀድሞ ማለቁን ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው በማሽን ግፊት የሚደረገው እጥበት ነው፤ ለዓመታት ጥግ ይዞ የተኛውን ቆሻሻ ቀስቅሶ ወደ ጠባቦቹ ቫልቮች ሊነዳው ይችላል። ረጋ ያለው መንገድ ኮፓውን ከፍቶ የሚወርደውን ያህል አውርዶ ያንኑ ያህል መሙላት ነው። በዚህ መንገድ የሚወጣው ከጠቅላላው ከሲሶ እስከ ግማሽ ቢሆን ነው፤ የቀረው ኮንቨርተሩና ቧንቧዎቹ ውስጥ ይቀራል። በየጊዜው ከመቶ 40 ቢወጣ፣ ከሦስት ጊዜ በኋላ ከአሮጌው የሚቀረው 22 ከመቶ አካባቢ ነው። በየመካከሉ ጥቂት ወራት ቢነዳበት ካምቢዮው ለውጡን ቀስ እያለ ይላመደዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከአምራቾቹ ራሳቸው የመጣ ነው፦ «ይህ ዘይት የዕድሜ ልክ ነው» ይላሉ አንዳንዶቹ። የማን ዕድሜ? የአምራቹ መመሪያ ይህን ሲል መደበኛ አነዳድን ታሳቢ አድርጎ ነው፤ ለከባድ አገልግሎት ሲሆን ያው አምራች የመቀየሪያ ኪሎ ሜትር ይጽፋል። የደምቢያ ክረምት ደግሞ ከባድ አገልግሎት ካልተባለ ሌላ የሚባል የለም። ዋልካ መሬት ዝናብ ከጠገበ ጎማ ይይዛል። የተያዘ አውቶማቲክ ነጂ ዲ እና አር እያፈራረቀ ነዳጅ ይረግጣል፤ ጎማው በማይዞርበት ቅጽበት የሞተሩ ጉልበት በሙሉ ኮንቨርተሩ ውስጥ ዘይት ማፍላት ይሆናል። ዘይት ደግሞ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የማርጀት ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል ይላል የኬሚስቶች የግምት ስሌት። ከጭቃው የወጣ መኪና የተጓዘው 20 ሜትር ቢሆንም ዘይቱ ብዙ አርጅቶ ሊወጣ ይችላል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይህን አይቆጥርም። ቆጣሪውም ቢሆን በዱባይ በኩል ዞሮ በመጣ ያገለገለ መኪና ላይ እስከምን ይታመናል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ታዲያ ባለቤቱ ምን ያድርግ? መኪናው ደህና እየሄደ ዘይቱ ጠቆር ብሎ ሽታው ያልተለወጠ ከሆነ፣ ጊዜው አሁን ነው፤ የካምቢዮው ዓይነት ከቦኔት ሥር ወይም ከበሩ ጠርዝ ካለው ሰሌዳ ተነብቦ፣ ለዚያው የታዘዘው ዘይት ተገዝቶ፣ የወጣው በሊትር ተለክቶ ያው ይሞላ። ዘይቱ የተቃጠለ ከሸተተና በመዳፍ ሲታሽ የብረት ብልጭታ ካሳየ ግን አዲስ ዘይት መድኃኒት ይሆናል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው፤ መካኒኩም ይህን ከመክፈቱ በፊት ቢናገር ኋላ ከመወነጃጀል ይድናል። ከሰርቪስ በኋላ ችግር የመጣ እንደሆነ መኪናውን መንዳት አቁሞ፣ ካምቢዮ ይውረድ ከመባሉ በፊት፣ ልኩን በትክክለኛው ሙቀት ማስለካትና ባዶውን ጣሳ ማንበብ ይቀድማል። ሁለቱም ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጁም። ካምቢዮ ማውረድ ግን እስከ ጎንደር፣ ካልሆነም ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ እስካለው ባሕር ዳር ሊያስኬድ ይችላል።

ይህ ጥንቃቄ ዛሬ ከበፊቱ ይልቅ ዋጋ አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ አናረ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። መንገድ ላይ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች እንግዲህ ተተኪ የሌላቸው ሽማግሌዎች ናቸው። በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ኮንቨርተርም ዲስክም የላቸውም፤ አብዛኞቹ አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያላቸው። እሱም ቢሆን ዘይት ውስጥ ነው የሚሽከረከረው፤ ስለ እሱም ከወዲሁ «አይነካም» የሚሉ አሉ።