ፈልጎ ማጣትና ሳይፈልጉ መቅረት

ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ ሲቋጠር የምዕራብ ጎጃም ቆላ ቀበሌዎች የወባ ወቅት ይገባል። በቡሬ፣ በወምበርማና በጃቢ ጠህናን ያሉ ጤና ኬላዎች ስንት ሰው እንደታመመ በየሳምንቱ ለጤና ጣቢያቸው ያሳውቃሉ። ጤና ጣቢያው ለወረዳ፣ ወረዳው ፍኖተ ሰላም ለሚገኘው የዞን ጤና መምሪያ፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉ ለኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያስተላልፋል። በዚህ ቅብብሎሽ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ደንብ፣ በሽተኛ ባይኖርም «ዜሮ» ተብሎ ሪፖርት መደረጉ ነው። ዜሮ የጻፈች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መርምራ አላገኘችም። ከኬላዋ ምንም ካልመጣ ግን መመርመሪያ ኪት አልቆባት፣ ኔትወርክ ጠፍቶባት ወይም መንገድ ተዘግቶባት ሊሆን ይችላል። ዝምታን እንደ ጤና የቆጠረ ወረዳ ወረርሽኙን የሚያውቀው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

ኮምፒውተሮችም ከዚህ የተለየ መላ የላቸውም። ስክሪፕት ተራ በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል ሲሆን ሼል ደግሞ ትእዛዞቹን ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ነው። በዩኒክስና በሊኑክስ ማንኛውም ፕሮግራም ሲጨርስ ለጠራው ከ0 እስከ 255 ካሉት አንዱን ቁጥር ትቶ ይወጣል። ዜሮ «በደህና ጨርሻለሁ» ማለት ነው፤ ሌላው በአብዛኛው ችግር አለ ማለት ነው። መሳካት አንድ ዓይነት፣ መበላሸት ግን ብዙ ዓይነት ስለሆነ የቀሩት ቁጥሮች ለምክንያት ተትተዋል፤ ለምሳሌ በሼል 127 የተጠራው ትእዛዝ አልተገኘም ማለት ነው። ጽሑፍ ፈላጊው ግሬፕ የተፈለገውን ካገኘ 0፣ ፈልጎ ካጣ 1፣ ፋይሉን መክፈት ካቃተው 2 ይመልሳል። የጤና ኬላዋ ዜሮና ዝምታ እዚህ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው።

ቁጥሩ ግን በቀላሉ ይጠፋል። ቡሬ ውስጥ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ኮምፒውተር ሌሊት ሌሊት ሦስት ትእዛዝ ይፈጽማል እንበል፤ መረጃውን ወደ ውጭ ዲስክ ቅዳ፣ የቆየውን ቅጂ ሰርዝ፣ «ተጠናቀቀ» ብለህ ጻፍ። ዲስኩ ሞልቶ ቅጂው ከመሐል ቢቋረጥም ሼሉ ካልተከለከለ በቀር ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል፤ የቆየውን ይሰርዛል፣ «ተጠናቀቀ» ይላል። ስክሪፕቱ የመውጫ ቁጥሩን ራሱ ካልወሰነ ለጠሪው የሚደርሰው የመጨረሻው ትእዛዝ ቁጥር ነው፤ ያ ትእዛዝ ደግሞ አንድ ቃል ከመጻፍ በቀር ሥራ ስላልነበረው ዜሮ ይመልሳል። ጠዋት የሚገባው ባለሙያ አንድም የተሟላ ቅጂ የለውም፤ የሚያየው ግን ሁሉ ሰላም መሆኑን ነው። ከዚህም የባሰ አለ። ያልተላለፉ ፋይሎችን ቆጥሮ ድምሩን በመውጫ ቁጥርነት የሚልክ ስክሪፕት 256 ፋይል ሲወድቅበት ዜሮ ያሳውቃል፤ ለቁጥሩ የተሰጠው ቦታ ከ255 በላይ ስለማይዝ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል።

ስህተቱ ስክሪን ላይ በጽሑፍ ይወጣ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ይወጣል፤ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ስክሪን የሚያይ ሰው የለም፣ ጠሪው ፕሮግራምም የሚጠብቀው ቁጥሩን ነው። የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ በየስህተቱ የሚቆም ስክሪፕት ሥራ ያስፈታል ይባላል። እውነት አለው። ግሬፕ ፈልጎ ሲያጣ የሚመልሰውን 1 እንደ ብልሽት ቆጥሮ የሚቆም ስክሪፕት ለደህና ዜና ይደነግጣል። መፍትሔው ግን ስህተትን ሁሉ ማለፍ ሊሆን አይችልም። የቱ ቁጥር ሥራውን እንደሚያስቆም፣ የቱ እንደሚታለፍ በየመስመሩ መወሰን የጸሐፊው ግዴታ ነው፤ ቅጂው ካልተሳካ ከመሰረዙ በፊት ቆሞ ከዜሮ ሌላ ቁጥር መመለስ ደግሞ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት መረጃዋን የምታጠናቅርበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚሠራው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ሥርዓትም ይኸው ምርጫ አለበት። በመነሻ አሠራሩ የገባለትን ዜሮ አያስቀምጥም፤ ዜሮው ትርጉም ያለው መሆኑ ለእያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት በአንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎ ሊነገረው ይገባል። ያቺ ሳጥን ምልክት ካላረፈባት ባለሙያዋ መርምራ የጻፈችው ዜሮ ከተዘጋው ኬላ ባዶ ቦታ አይለይም።