ድረ ገጽ ከማሠራታችሁ በፊት፦ ቁልፉ በማን ስም ነው?

ባለፈው ዓመት፣ የፋሲካ ሰሞን፣ እህቴ ከሱሉልታ ደወለችልኝ። «ድረ ገጹ ጠፋ!» ሱሉልታን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ እንጦጦን ተሻግራችሁ በጎጃም መንገድ ስትወጡ የምታገኟት፣ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ያለች፣ ለከብትም ለሯጭም የምትመች ደጋ ናት። እህቴ እዚያ ቅቤና አይብ እየሰበሰበች ለአዲስ አበባ ደንበኞች ትልካለች። 55 ቀን ጾም ቆይቶ ገበያው የሚደራው ደግሞ በዚያች ሳምንት ነው።

ማንም ሰብሮ አልገባም፣ ሰርቨሩም አልተበላሸም። ገጹን የሠራላት ድርጅት ዶሜይኑን፣ ማለትም የድረ ገጹን ስም፣ ያስመዘገበው በአንድ ሠራተኛው የግል ኢሜይል ነበር። ሠራተኛው ሥራ ለቀቀ። «ስምዎን ያድሱ» የሚለው መልእክት ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ተጠራቀመ፤ ቀኑ አለፈ፣ ስሙ ተዘጋ። እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ኢንጂነር ተብዬ ውሉን ስትፈርም አይቼ «ገጹ ያምራል» ብዬ አጨብጭቤላታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሮች የሚተዋወቁት በቁጥር ነው። እኛ ስም ስንጽፍ ወደ ቁጥር የሚቀይርልን በ1983 እ.ኤ.አ. የተፈጠረ፣ ዲኤንኤስ የሚባል ሥርዓት ነው፤ ስልካችሁ ላይ «እማዬ» ስትሉ ቁጥሯን እንደሚያወጣው ማለት ነው። ስሙ የትኛውን ሰርቨር እንደሚያመለክት የሚወስነው ደግሞ የተመዘገበበትን አካውንት የያዘ ሰው ነው። ገንዘቡን ማን ከፈለ፣ ንግዱ የማን ነው የሚለውን ሥርዓቱ አያውቅም። ስለዚህ ድርጅት ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዶሜይኑ በእኔ ኢሜይል ይመዘገባል ወይ?» ይሁን። «አትጨነቁ፣ እኛ እንይዝላችኋለን» ካሏችሁ ተጨነቁ።

ሁለተኛው ፈተና በእጃችሁ ያለ ነው። ድርጅቱ ከዚህ በፊት የሠራውን የአማርኛ መደብር ክፈቱና የሆነ ዕቃ ፈልጉ። ለምሳሌ «አይብ»፣ ቀጥሎ «ዓይብ»። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን በዩኒኮድ «አ» 4768 ሲሆን «ዓ» 4819 ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ሞክሼ ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ፤ ልክም ነው፣ ታሪካቸው ይለያያልና። ግን ፕሮግራመሩ «ሀ፣ ሐ እና ኀን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ቁጠር» ብሎ ካልጻፈ ግማሹ ደንበኛ «አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል። «እርጎ» እና «እርጐ» ላይም ሞክሩት። እህቴ ይህንን ስትጠይቅ አንዱ ባለሙያ «ሰው አስተካክሎ ይጻፋ!» አላት። እሱን በዚያው ተሰናበትነው።

ክፍያ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነውና። በቴሌብር ስትከፍሉ ለሱቁ ሁለት ዜና ይሄዳል፦ አንዱ በእናንተ ስልክ በኩል ወደ ሱቁ ገጽ ሲመልሳችሁ፣ ሌላው ከቴሌብር ሰርቨር ቀጥታ ወደ ሱቁ ሰርቨር። ሰነፍ ፕሮግራመር የመጀመሪያውን ብቻ ይጠብቃል። ታዲያ ፒን ካስገባችሁ በኋላ ኔትወርክ ቢቋረጥ ገንዘቡ ሄዷል፣ ትእዛዙ ግን የለም። የባሰው ደግሞ ትንሽ ኮድ የሚያውቅ ሰው «ከፍያለሁ» የሚለውን ገጽ ሳይከፍል ሊጠራው ይችላል። ስለዚህ ድርጅቱ ከሠራቸው ሱቆች በአንዱ ርካሽ ዕቃ ግዙ፣ ፒን አስገቡ፣ ክፍያው ሲያልቅ ወዲያው ዳታችሁን አጥፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስትመለሱ ትእዛዛችሁ ተመዝግቦ ካገኛችሁት ሰዎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ።

የገጹን ክብደትም በቢሯቸው ዋይፋይ አትመልከቱ። 4 ሜጋባይት የሆነ የቅቤ ፎቶ 32 ሜጋቢት ነው፤ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያመጣ ስልክ 32 ሰከንድ ይፈጃል። እስከዚያ ማን ይጠብቃል?

ዋጋ ላይ ብዙ አልልም። ብቻ ከፋፍላችሁ ክፈሉ፤ የመጨረሻውም የሚከፈለው ኮዱ፣ የሰርቨሩ ይለፍ ቃልና የደንበኞች ዝርዝር ቅጂ እጃችሁ ሲገባ ነው ብላችሁ በውሉ ላይ አስጽፉ።

እህቴ የድሮውን ስም አላገኘችውም። ጊዜው ያለፈበት ዶሜይን ለጥቂት ሳምንታት ማስመለሻ ዕድል አለው፤ ማመልከት የሚችለው ግን አካውንቱን የያዘው ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ስልክ አያነሳም ነበር። አዲስ ስም አወጣች፣ አዲስ ድርጅት ያዘች። አካውንቱን የከፈቱት አጠገቧ ተቀምጠው፣ በራሷ ስልክ ነው። ገጹ እንደ ድሮው አያምርም፤ «ዓይብ» ተብሎ ሲፈለግ ግን አይቡ ይመጣል።